በሰባት ሰው ኪስ የተገኘው ክር

ይቅር በይ ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አላልኩም። ይህንንም የምጽፈው ይቅር ብዬ አይደለም። እንዴት እንደተበቀልኩና በቀሌ የት ላይ እንዳረፈ በራሴ ቃል እንዲቀመጥ ስለምፈልግ ነው። የራሴን ቃል በሌላ ሰው አፍ ሰምቼ ስለማውቅ በዚህ ነገር ላይ ትዕግሥት የለኝም።

የሰማሁት በምሳ ሰዓት ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። እዚያው ነርስ የሆነች አንዲት የአገሬ ልጅ አለች፤ ምሳችንን አብረን ነው የምንበላው። የዚያን ቀን ስልኳን የውኃ ጠርሙሷ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ ታያለች። እያየች ትበላለች፣ እየበላች እንባዋን ትጠርጋለች። ከስልኩ የሚወጣው የወንድ ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ ሰው ማስለቀስ የሚያውቅበት ድምፅ።

«ከኪሱም አንድ ክር ተገኘ» ይላል ድምፁ። «ክሩ ሁለት ቋጠሮ ነበረው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለው ርዝመት የእናቱ እግር ነበር።»

የጎረስኩት አፌ ውስጥ ቀረ።

«ማነው የሞተው?» አልኳት።

«አሌክሳንድራ ሰፈር ስፓዛ ሱቅ የነበረው ልጅ ነው። አታውቂውም። ግን ይሄን ክር ስሚው እስቲ፣ የኔ እናት። ለእናቱ ጫማ ሊገዛላት ነበር እኮ።»

«ክሩን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ለዚህ ልጅ?»

«ለወንድሜ።»

ቪዲዮውን አቆመችው። ያኔ ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ እሷም ለቅሶ ደርሳኛለች። ፊቴን አየችና ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ከእኛ መካከል አንድ ሰው እዚህ አገር ሲሞት አስከሬኑ ወደ ቤተሰቦቹ ይላካል። ከመላኩ በፊት በአዳራሽ የስንብት ጸሎት ይደረጋል፤ እዚያ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ጽሑፉ ከሳጥኑ ጋር ተሳፍሮ አገር ቤት ይደርስና መቃብሩ አጠገብ እንደገና ይነበባል። አብዛኞቻችን የደቡብ ሰዎች ነን፤ አማርኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። እኔ አሳምሬ እጽፋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የእኛን ሰዎች ሞት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከእኔ በፊት ሟች ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው ነበር። ሁሉም ለተቸገረ አዛኝ፣ ለወላጆቹ ታዛዥ፣ በሥራው ምስጉን። ስሙ ብቻ ይቀየራል። ይህ ያናድደኝ ነበር። እኔ የሟቹን ጓደኞች አስቀምጬ እጠይቃለሁ። በምን ነበር የሚስቀው? ከካውንተሩ ሥር ምን ያስቀምጥ ነበር? ደንበኞቹ ምን ብለው ይጠሩት ነበር? አንዱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቲማቲም ተክሎ ጎረቤቶቹ እየሰረቁ ይበሉበት ነበር፤ እሱም እንዳላየ ፊቱን ያዞር ነበር። ጻፍኩት። አንዱ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር ያሉትን ሕፃናት በሙሉ «እንደምን ዋልክ» ማለት አስተምሯቸው ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ሱቁን የገዛውን ሶማሌ በአማርኛ ሰላም እያሉ ግራ አጋቡት። ጻፍኩት። ለእያንዳንዱ ሟች የሱ ብቻ የሆነ አንድ እውነተኛ ነገር ሳላገኝ ብዕሬን አላስቀምጥም። ስሜን ግን አንድም ወረቀት ላይ አላሰፈርኩም። በሙት ወረቀት ላይ የራስን ስም መጻፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ያ ነውር በኋላ ለሌባው በር ከፈተለት።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ወደዚህ አገር ያስመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ የምኖረው ከተማው ውስጥ፣ ትሮይቪል ነው፤ እሱ ቮስሎሩስ የሚባል ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ነበረው። ዕቃ ጭኖ ሲመለስ የተሳፈረባት ባኪ የምንላት ፒካፕ መኪና ተገልብጣ ሞተ። የሰውን ሁሉ ታሪክ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ የሱንም ሌላ ሰው ይጽፈዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩና የሚጻፍ ነገር አጣሁ። ሌሎቹን የምጠይቀውን ራሴን ጠየቅሁ። በምን ይስቅ ነበር? በሁሉም ነገር። ከካውንተሩ ሥር ምን ያስቀምጥ ነበር? ቢያስቀምጥም አያገኘውም። ወንድሜ ዕቃ ይጥላል። ቁልፍ ይጥላል፣ ስልክ ይጥላል፣ ቀጠሮ ይረሳል። ይህን መቃብሩ ላይ ለእናቴ አንብቡላት ብዬ መላክ አልቻልኩም።

የክሩ ነገር ግን ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከትውልድ አገራችን ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ሴት ከእናታችን የተላከ ዕቃ አመጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ክር ነው፤ ሁለት ቋጠሮ አለው። እናታችን የጫማ ቁጥር አታውቅም፤ እግሯን በክር ለክታ ነው የላከችው። ወደ ጸሎት ቤት የሚወስደው መንገድ ጠጠር ፈሶበት እግሯን ይጎዳት ነበር። ክሩን እኔ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነውና ትንሽነቱን አይተን ሳቅን። ወንድሜ አንስቶ ጃኬቱ ኪስ ከተተው። «ይሄን ለኔ ተይው፣ እኔ እገዛላታለሁ» አለኝ። በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ተውኩለት። ከሁለት ወር በኋላ ስጠይቀው ጃኬቱን ሲያጥብ እንደጠፋበት ነገረኝ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። እሱ ሳቀ፤ ሌላ ትልካለች አለ። ሌላ እንድትልክ ግን ማናችንም አልጠየቅናትም።

ሲሞት ዕቃውን ከሬሳ ክፍል የተረከብኩት እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው በዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ሰጡኝና ፈረምኩ። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ፣ ሁለት ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ የተጀመረ ማስቲካ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የመኖሪያ ፔርሚት። በቃ። ልብሱን እቤት ወስጄ ደግሜ ኪሶቹን ሁሉ ገለበጥኩ፤ ምንም የለም። ከዚያ ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ «ከኪሱም አንድ ክር ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ የጻፍኩት ብቸኛ ውሸት ነው። ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው፤ ይህን ማወቄ አሁንም ያናድደኛል።

አገር ቤት ሲነበብ የነበሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ አንባቢው ክሩ ላይ ሲደርስ የለቀስተኛው ጩኸት ቆመ። እናቴ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች አሉ። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ የክሩ እናት ተባለች። ገበያ ስትወጣ የማያውቋት ሰዎች ሳይቀሩ ሰላም ይሏት ጀመር። ክሩን ላኪልኝ ስትለኝ ከሱ ጋር ተቀብሯል አልኳት። እሺ አለች። ልጇን ከቀበረች በኋላ ከቤት ያስወጣት ያ ክር ነው።

አሁን ወደ ሌባው ልምጣ። መሃል ከተማ፣ የአገራችን ሰዎች ሱቅ በሞላበት ሕንፃ ላይ የቪዲዮ ቤት አለው፤ ሠርግም፣ ምርቃትም፣ ስንብትም ይቀርጻል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቻናል አለው። ድምፁ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ወንድሜ የተሸኘ ቀን ታሪኩን እንዲያነብ ወረቀቱን በእጄ የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ እኔ ቆሜ ማንበብ አልችልም ነበር። አሳምሮ አነበበው፣ እኔም አመሰገንኩት። አገር ቤት የሄደው ቅጂው ነው፤ የሱን ወረቀት ግን አልመለሰልኝም። ያን ቀን ስለ ወረቀት የሚያስብ ራስ አልነበረኝም።

ነርሷ ያን ቪዲዮ ባሳየችኝ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ቻናሉን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ወንድሜ አለ። የሱ ፎቶ፣ የእኔ ቃል፣ የሌባው ድምፅ፣ ከሥር የሚያለቅስ ኪቦርድ። ከሱ በኋላ ሰባት ሙታን ክር ይዘው ተገኙ። የአሌክሳንድራው ልጅ አለ። አንድ የታክሲ ሹፌር አለ። አንዱ ታሞ ሆስፒታል የከረመ ነው፤ ክሩ የተገኘው በታካሚ ልብሱ ኪስ ነው፣ የታካሚ ልብስ ኪስ እንደሌለው በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። አንዷ ሴት ናት፤ እናቷ ከሷ አራት ዓመት ቀድማ እንደሞተች የምናውቃት ሁሉ እናውቃለን፤ እሷም የሟች እናቷን እግር ልክ ይዛ ጫማ ልትገዛ ነበር። ቋጠሮው ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳን አልቀየረም። በዚያ ቻናል መሠረት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለ አበሻ ክር ሳይዝ አይሞትም።

በእያንዳንዱ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ በቀይ ፊደል እንዲህ የሚል ይወጣል፦ «ይህን ሥራ ያለ ፈቃድ ገልብጦ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል።» ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ለባብሼ ወጣሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ስገባ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሙሽራ ግማሽ ፈገግታ ላይ ቆማለች። እሱ አውቆኝ በአክብሮት ተነሳ።

«እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ምን ልታዘዝ?»

«ወረቀቴን ልወስድ ነው።»

«የቱን ወረቀት?»

«ሰባት ጊዜ ያነበብከውን።»

አልደነገጠም። ወንበር ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«አየሽ እህቴ፣ ሰው የሞተበት ቤተሰብ መጥቶ የሆነ ነገር በልልን ይለኛል። እኔ ደራሲ አይደለሁም። ያንቺን ሳነብላቸው አልቅሰው ይወጣላቸዋል። ይሄ ክፋት ነው?»

«የኔ ነው።»

«የሙት ታሪክ ያንቺ ይሆናል እንዴ? የሟቹ ነው። ክሩም እውነት ነው፣ ወንድምሽ ኪስ ነው የተገኘው። እውነትን ማን በስሙ ያስመዘግባል?» ፈገግ አለ። «ደግሞ ስምሽ የት አለ? ወረቀቱ ላይ የለም። ቪዲዮው ላይ ያለው የኔ ስም ነው፣ ዴቱም አለ። ኮፒራይት ምናምን የምትዪ ከሆነ፣ ከኔ ገለበጥሽ የምትባዪው አንቺ ነሽ።»

የሕንፃውን ደረጃ ወረድኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያ ሰው በዚያ ድምፁ፣ በዚያ ቻናሉ፣ መስረቁን በራሱ አንደበት ሲናገር መስማት። ሥራ ቦታ ካርድ እየደረደርኩ ይህን አስባለሁ። ታክሲ ውስጥ ይህን አስባለሁ። ጸሎት ቤት ዓይኔን ጨፍኜ ይህንኑ አስባለሁ።

ቪዲዮዎቹን ለሚያስተናግደው ድርጅት የቅጂ መብት አቤቱታ ላክሁ። እሱም መልስ ሰጠ፤ ጽሑፉ በእኛ ለቅሶ የተለመደ ባህል ነው፣ የሚናገረውም በእውነት ስለተፈጸመ ነገር ነው አለ። ድርጅቱ ደግሞ ከጽሑፉ ውስጥ በእኔ የተፈጠረው የትኛው ክፍል እንደሆነ እንዳብራራ ጠየቀኝ። የመልስ መጻፊያው ሣጥን ባዶ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይጠብቀኛል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቀን ግን ጣቴ አልታዘዘኝም። ክሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ ከጻፍኩ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ክር አልነበረም ማለት ነው። ይህ ወሬ ደግሞ ሆሳዕና ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅበትም።

በዚህ መሃል ሌባው ሮጦ ለጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች ነገራቸው። ክርስቲያን ሆና የእምነት ወንድሟን በፈረንጅ ፊት ከሰሰች አላቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠሩን። የተቀመጥነው የሕፃናት ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ሦስቱም በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

እሱ ቀድሞ ተናገረ። «አባቶቼ፣ እኔ የተገኘውን ነው ያነበብኩት። የእናት እግር በክር ለክቶ መያዝ የእሷ ፈጠራ አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ሰዎቹ ሲጽናኑ እኔ ምን አጠፋሁ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሃያ ዓመት ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ የያዙ ሰው ናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው፣ ልጄ። እኔም ስመጣ የእናቴን እግር በክር ይዤ ነው የመጣሁት። ይሄ ያንተ ያንቺ የሚባል አይደለም። ክሩን ያገኘሽው አንቺ ብትሆኚም ያስቀመጠው እግዚአብሔር ነው።»

ሌሎቹም አሜን ዓይነት ነገር አጉረመረሙ። ሌባው እግሩን አነባበረ። መሸነፌን ያየሁት ያን እግር ሳይ ነው። ከሬሳ ክፍል የተሰጠኝን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሄጄ ነበር፤ ላሳየው ወስኜ አልነበረም፣ ግን ይዤው ሄጃለሁ። አውጥቼ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው እንግሊዝኛውን በቀስታ አነበቡ። ስልክ። ቁልፍ። ቀበቶ። ማስቲካ። ፔርሚት። ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ክሩ የለም» አሉ።

«የለም፣ አባቴ። ወንድሜ ክሩን ከመሞቱ ብዙ ወር በፊት ጥሎታል። ኪሱ ውስጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።»

«ዋሽተሻል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ። እሱ ደግሞ ውሸቴን ሰርቆ ሰባት ቦታ ዋሽቷል።»

ሌባው የተነባበረውን እግሩን አወረደ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ተራ በተራ ሲወርድ አየሁ፤ መጀመሪያ ፈገግታው፣ ቀጥሎ ቀለሙ። ደስ አለኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፈረዱ። ቪዲዮዎቹን ያውርድ፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ተቃቀፉና በጸሎት እንዝጋው አሉ። እሱ ለመተቃቀፍ ተነሳ። እኔ አልተነሳሁም።

«አይበቃኝም» አልኩ። «ቻናሉ ላይ ወጥቶ፣ በዚያው ድምፁ ያንብብ። ሰባቱም ሰዎች ኪስ ውስጥ ክር እንዳልነበረ ይናገር። ጽሑፉን ከእኔ እንደሰረቀ ይናገር። የወንድሜም ክር በእኔ የተፈጠረ መሆኑን ይናገር። ከዚያ በኋላ አቤቱታዬን እተወዋለሁ።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ አላመንኩትም፤ ግን የምሩን ነበር። «እህቴ፣ እኔን እንደፈለግሽ አድርጊኝ። ሰባት እናቶች አሉ። ያቺን ክር ይዘው ነው ያሉት። እንዴት ብዬ ነው ከእጃቸው የምቀማቸው?»

«ስድስት ናቸው» አልኩት። «አንደኛዋ ልጇ ሳትሞት ነው የሞተችው፤ ብትጠይቅ ኖሮ ታውቅ ነበር። የኔ እናት ስትጨመር ግን ሰባት ይሞላል።»

ሃያ ዓመት ሱቅ የያዙት ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እናትሽስ?» አሉኝ።

«ትስማው።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። መመለስ እችል ነበር፤ አልመለስኩትም። ያ ሰው ተደስቶ ከዚያ ክፍል እንዲወጣ ከምፈቅድ እናቴ ብታዝን መረጥኩ። ያሰብኩት እንደዚህ ነው፣ ላሳምረው አልፈልግም።

በሳምንቱ አነበበው። ቪዲዮውን ያየሁት እዚያው ምሳ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነርሷ አጠገቤ ነበረች። ኪቦርድ የለም፣ ፎቶ የለም፣ እሱ ብቻ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ ከወረቀት ያነባል። ያነበበውንም የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ይህን ቅድመ ሁኔታ የጨመርኩት በመጨረሻ ሰዓት ነው። አንድም ቃል እንዳይቀይር አስጠንቅቄዋለሁ። ክሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ሁለቴ አየሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ልከፍተው ስል ነርሷ እጄን ያዘችው።

«በቃሽ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ተነሳበት። ሲያለቅሱለት የነበሩት ሰዎች ከሥሩ የጻፉለትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ቻናሉን ራሱ ዘጋው። ስንብት እንዲቀርጽ የሚጠራው የለም፤ አሁን ቪዲዮ ቤቱ የፓስፖርት ፎቶ ያነሳል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ዓይኑን ይሰብራል፣ እኔ አልሰብርም። ለእኔም ግን ታሪክ ጻፊልን ብሎ የመጣ ሰው የለም። ስለ ገዛ ወንድሟ የዋሸች ሴት ስለ ሌላው ምን አትልም ይላሉ።

አንድ ቀን የአሌክሳንድራው ልጅ ታላቅ ወንድም ክሊኒኩ ድረስ መጣ። የታመመ መስሎኝ ካርድ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ካርድ የለኝም አለ። መስኮቱ ላይ በሁለት እጁ ተደግፎ ቆመ።

«እናታችን ያቺን ክር አምናት ነበር» አለኝ። «ልጇ እያሰባት እንደሞተ። ሲስተር፣ እኛ ምን አደረግንሽ? ለምን አልተውሽንም?»

«የሰረቀውን ጠይቀው» አልኩት።

«ጠየቅሁት። አንቺን ጠይቅ አለኝ።»

ከኋላው ሰልፍ ነበር። ቀጣይ ብዬ ተጣራሁ። እሱም ሄደ፤ እኔም ካርድ ማውጣቴን ቀጠልኩ።

እናቴ የደወለችው ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከጸሎት ቤት ስመለስ ነው። ቪዲዮውን ጎረቤቷ አሳይታታለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም፤ የምናወራው በቋንቋችን ነው፣ እዚህ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«ሰማሁት» አለችኝ። «ሰውዬው ሌባ ነው። ደግ አደረግሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስፈራው የነበረው ነገር ከደረቴ ላይ ወረደ። «ክሩን ስለዋሸሁሽ ይቅር በዪኝ፣ እማዬ» አልኳት። ይቅር በይ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ይቅርታ ስለምን ምላሴ አልተደናቀፈም።

«እሱን ተዪው። ልጄ ዕቃ እንደሚጥል አውቃለሁ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ ተገኘ ሲባል ራሴም ገርሞኝ ነበር። ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።» ቀጥላም፣ «ክሩን የላክሁት ግን ለማን ነበር?» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነበር የተጻፈው?»

ክሩ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። ከላይ ስለ ወረቀቱ ስጽፍ ይህን አስቀርቼዋለሁ። ለሽማግሌዎቹም አልነገርኳቸውም። ወንድሜ ከጠረጴዛው ላይ ያነሳው ለእኔ የተላከውን ነው፤ እኔም ሥራ በዝቶብኛል፣ ገላገለኝ ብዬ ነው የተውኩለት።

«የኔ» አልኳት።

«ያንቺ። የመንደሩ አስተማሪ ነው የጻፈልኝ። ወንድሟ ሎኬሽን ነው ያለው፣ እሷ ግን ከተማ ናት፣ ጫማ ቤት አጠገብ ናት ብዬ። ወንድምሽስ ሞቷል፣ አልፈርድበትም። አንቺ ስለ ክሩ ጻፍሽ፣ ስለ ክሩ ተሰረቅሁ አልሽ፣ ስለ ክሩ ሰው ከሰስሽ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጫማው አንድ ቀን ትዝ አላለሽም?»

«ነገ እገዛልሻለሁ» አልኳት። «ነገ ጠዋት። ልክሽን ንገሪኝ።»

«እግሬ አብጧል። የድሮው ልክ አይሆንም።»

«እንግዲያው አዲስ ክር ላኪልኝ፣ እማዬ።»

«አልልክም» አለችና ስልኩን ዘጋችው።